አሽከሩን አንቱ ያስባልኩት እኔ ነኝ

ባለፈው ዓመት፣ የላስ ቬጋስ ሙቀት ሊበረታ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው በልጅ ልጄ ላይ ሳቀ። የሳቁት አማርኛ አታውቅም ብለው ነው። ያሳቃቸው ስህተት ግን የእሷ አልነበረም፤ የእኔ ነበር። እኔም እዚያው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ዝም አልኩ። ይህ በደል በጽሑፍ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ። እኔን የበደለኝን ሰው ሁሉ በቃሌ አስታውሳለሁ፤ ይህን ግን የፈጸምኩት እኔ ስለሆንኩ እንዳይረሳኝ መጻፍ አለብኝ።

የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የምኖረው ላስ ቬጋስ ዳር፣ ዊትኒ የሚባል ሰፈር ውስጥ ከልጄ ከትዕግሥትና ከልጇ ከሜላት ጋር ነው። ትዕግሥት ካዚኖ ውስጥ ካርታ ታድላለች። ሺፍቷ ስለሚቀያየር ሜላትን አብዛኛውን ጊዜ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ሜላት እዚሁ ነው የተወለደችው፤ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። አማርኛዋ ይገባል፣ ግን እንግሊዝኛ እንግሊዝኛ ይላል። አፏን ከፈታችበት ቀን ጀምሮ «አንቺ» ነው የምትለኝ። «እማማዬ ነይ»፣ «እማማዬ ስሚኝ»። እኔም ከእሷ ሌላ ነገር ፈልጌ አላውቅም።

ከሌላ ሰው ግን እፈልጋለሁ። ይህን ቀድሜ መናገር አለብኝ፣ ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነውና። እዚህ አንድ ሆቴል ውስጥ ብዙ ዓመት አልጋ አንጥፌያለሁ። አንድ ጊዜ የልጄ እኩያ የሆነች ሐበሻ ሱፐርቫይዘር ተሾመችብን። ጠዋት ሥራ ስንካፈል «አንቺ፣ ዛሬ አሥራ አራት ክፍል አለሽ» አለችኝ። ጋሪዬን አቆምኩ።

«በእንግሊዝኛ ከሆነ እንደፈለግሽ ጥሪኝ» አልኳት። «በአማርኛ ከሆነ ግን እርስዎ በይኝ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በእንግሊዝኛ ብቻ አናገረችኝ።

ሜላት የምትወደው አንድ እንግሊዛዊ ቀልደኛ ደራሲ አለ። ከሞተ ቆይቷል። እኩዮቿ ስልካቸው ላይ ሲያቀረቅሩ እሷ ከላይብረሪ የእሱን መጻሕፍት ተሸክማ ትመጣለች። ሶፋው ላይ ተጋድማ እያነበበች ብቻዋን ስትስቅ ወጥ ቤት ድረስ ይሰማኛል። «ምንድነው?» ስላት መጀመሪያ «በአማርኛ አይመጣልኝም» ትለኝ ነበር። በኋላ እየቆራረጠች ትነግረኝ ጀመር።

የሰውየው ዓለም ገረመኝ። ማንም አይሞትም፣ ማንም አይራብም። ትልቁ መከራ አክስት ሳትጠራ ስትመጣ ነው። ሰዎቹ ቁርስ በልተው ምሳ ይጠብቃሉ፤ ምሳ በልተው ባርኔጣቸውን ይፈልጋሉ።

«ሥራቸው ምንድነው?» አልኳት።

«ሥራ የላቸውም። ወርሰው ነው።»

«እሺ፣ አሽከሩስ ምን ወረሰ?»

«እማማዬ! ቀልድ ነው እኮ!»

ቀልድነቱ ገብቶኛል፤ እኔም እየሳቅሁ ነበር። ግን በዚያ ሁሉ ቤት ውስጥ ሥራ የሚሠራው አሽከሩ ብቻ መሆኑን ሳላይ አላለፍኩም።

ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ የሚማሩበት ቤት አለ። ዓመቱ ሲያልቅ ትልልቆቹ ልጆች አንድ አጭር ጽሑፍ ወደ አማርኛ ይመልሱና ወላጆች ፊት ያነባሉ። ከመካከላቸው አንዱ በትምህርት ቤት ዕረፍት ወራት ትንንሾቹን እንዲያስተምር ይመረጣል። ሜላት ይህን ቦታ አጥብቃ ፈልጋው ነበር። ገና ሳትመረጥ ፊደል የምታስቆጥርባቸውን ካርዶች በእጇ ሥላ ጨርሳለች። ላም ላይ «ላ»፣ መኪና ላይ «መ»። መኪናዋ የእናቷ መኪና ናት፤ የተሰነጠቀው መብራቷ ሳይቀር ተሥሏል።

ለንባቡ የመረጠችው የዚያን እንግሊዛዊ አንድ አጭር ታሪክ ነው። ኦሊቨር የሚባል ሰነፍ ወጣት ጌታ ለአጎቱ በየደብዳቤው «የፖም ተክል እያለማሁ ነው» እያለ ይዋሻል። አጎቱ አንድ ቀን ተክሉን ሊያይ ይመጣል። ግቢው ውስጥ አንድ ፖም የለም። ባርሎ የሚባለው ሽማግሌ አሽከሩ ገበያ ወርዶ ፖም ይገዛና ዛፍ ላይ በክር ያስርለታል። አጎትየው አንዱን ሊቀጥፍ ሲስበው ቅርንጫፉ አብሮ ይመጣል፤ ሲለቀው ተመልሶ ባርኔጣውን ከአጥር ውጪ ይወረውርበታል። ለካስ ዛፉም የፖም ዛፍ አልነበረም። ኦሊቨር የሚገባበት ይጠፋዋል። ባርሎ ኮት ላይ ተንጠልጥሎ አድነኝ ይላል።

ሁለት ወር ያህል፣ ሜላት ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሠራን። እሷ በእንግሊዝኛና በእጇ ትነግረኛለች፤ እኔ በአማርኛ እላለሁ፤ እሷ ትጽፋለች። ለአሽከር ስልኳ «አገልጋይ» የሚል ቃል ሰጣት።

«አገልጋይ ካልሽ ዲያቆን ይመስላቸዋል» አልኳት። አጠፋችና «አሽከር» ብላ ጻፈች።

ከዚያ እንግሊዝኛው የማያውቀው ችግር መጣ። በእንግሊዝኛ ጌታውም አሽከሩም አንዱ ሌላውን የሚጠራው በአንድ ቃል ነው። በአማርኛ ግን መምረጥ አለብን። ሜላት አስባበት መጣች።

«እማማዬ፣ ስሚኝ። ኦሊቨር መጀመሪያ ባርሎን ‹አንተ› ይለዋል። ‹አንተ፣ ጫማዬን አምጣ።› ከዚያ ፖሙ ሲበላሽበት፣ በጣም ሲፈራ፣ ድንገት ‹እርስዎ› ይለዋል። ‹አቶ ባርሎ፣ እርስዎ ያውቃሉ፣ እባክዎ።› ፈኒ አይደለም? እንግሊዝኛው እንኳን ይሄ የለውም።»

«ሽማግሌውን ማን አባቱ ነው አንተ የሚለው?» አልኩ።

«ባለጌ ስለሆነ ነዋ! ፖይንቱ እሱ ነው።»

«ባለጌም ቢሆን እኔ ባለሁበት አይለውም።»

አባባ ወልዴን ነገርኳት። በልጅነቴ አዲስ አበባ ሰው ቤት ተቀጥሬ ስሠራ አባባ ወልዴ የቤቱ ዘበኛ ነበሩ። ጠጉራቸው ነጭ ነው። የቤቱ ልጅ ስምንት ዓመቱ ነበር። «አንተ ወልዴ፣ በር ክፈት» ሲላቸው ከተቀመጡበት ድንጋይ ተነስተው ቆባቸውን ያወልቁ ነበር። አንድ ቀን ልጁን ብቻውን አገኘሁትና «አባባ በል» ብዬ ጆሮውን ቆነጠጥኩት። በዚያው ሳምንት ከቤቱ ተባረርኩ።

ሜላት ይህን ሰምታ ላጲሷን አንስታ «አንተ» የሚለውን ሁሉ ከደብተሩ አጠፋች። በየቦታው «እርስዎ» ብላ ጻፈች። ያን ጊዜ ያመነችኝ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው አዝናልኝ ነው።

የንባቡ ቀን የኪራይ አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ሜላት ሦስተኛ ወጣች። ጥሩ ጀመረች። ጥቂት እንዳነበበች ኦሊቨር «አቶ ባርሎ፣ እባክዎ ጫማዬን ያቀብሉኝ» አለ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። እኔ ታሪኩን ወደውት መስሎኝ ደስ አለኝ። ቀጠለች። ኦሊቨር ባርሎን «እርስዎ» ባለው ቁጥር ሳቁ እየጨመረ መጣ። ሰው እርስ በርሱ በክርኑ ይነካካ ጀመር። ባርኔጣው የበረረበት ቦታ ላይ ስትደርስ ግን ማንም አልሳቀም። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ።

አንብባ ስትጨርስ የክብር እንግዳው ማይክ ተቀበሉ። ሰዘርን ሃይላንድስ፣ ሀብታሞቹ ሰፈር የሚኖሩ፣ አገር ቤት ብዙ ዓመት ያስተማሩ፣ ሰው የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። ክፋት ነበረባቸው አልልም። ፈገግ ብለው ነው የተናገሩት።

«ልጃችን ድፍረቷ ያስመሰግናታል። ግን እንዲያው ጌታው አሽከሩን ‹ጫማዬን ያቀብሉኝ› ካለ፣ ማነው ጌታው፣ ማነው አሽከሩ?»

አዳራሹ ሳቀ።

«የአሜሪካ ልጆቻችን እንዲህ ናቸው። እኛን ‹አንተ› ይሉናል፣ ‹እርስዎ›ን ለአሽከር ያስቀምጡታል!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ ማለት ይቻላል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። ሜላት ወረቀቷን በሁለት እጇ እንደያዘች መድረኩ ላይ ቆማለች። ዓይኗ ረድፉን ሲፈልግ ቆየና እኔ ላይ አረፈ። እዚያው ቆመ።

እኔ ቦርሳዬን ከፍቼ ውስጡን መፈለግ ጀመርኩ። የጠፋኝ ነገር አልነበረም።

ለምን እንዲህ እንዳደረግኩ ብዙ ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ሱፐርቫይዘር ያላስፈራኝን ሴት ምን አስፈራኝ? እውነቱን ልጻፍ። ሰውየው የተማሩ ናቸው። ተነስቼ «እኔ ነኝ» ብል፣ «ለካስ ያልተማረች አሮጊት ናት ያሳሳተቻት» ይላሉ ብዬ ፈራሁ። ሜላት ላይ ቢስቁ የልጅ ስህተት ነው፣ ይረሳል፤ እኔ ላይ ቢስቁ ግን ስድስተኛ ክፍሌን ያዩብኛል ብዬ አሰብኩ። ቦርሳዬ ውስጥ እጄን ከትቼ ይህን ሁሉ አሰብኩ።

ሲበተን መምህር አስናቀ፣ የቅዳሜው ትምህርት ቤት ኃላፊ፣ ሜላትን ወደ ጥግ ወሰዷት። የማስተማሩ ቦታ ለሌላ ልጅ እንደተሰጠ ነገሯት። «የአክብሮት አነጋገር ላይ ትንሽ ሥሪና ለሚቀጥለው ዓመት እናያለን» አሏት። እሷም «እሺ፣ አመሰግናለሁ» አለች።

መኪናውን የነዳችው እሷ ነች። ቤት ገብተን ጫማዬን ሳወልቅ ከኋላዬ «እራት ይበላሉ?» የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዞር አልኩ። ሌላ ሰው የገባ መስሎኝ ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ «አንቺ» ቀረ። ይቀመጡ። ይውሰዱ። መድኃኒትዎን ዋጡ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? አንዲት ቃል አልሳተችም። ከዚያ በፊት አማርኛዋ እንዲህ አምሮ አያውቅም። ያ አዳራሽ ቢሰማት ተነስቶ ያጨበጭብላት ነበር። «እማማዬ» የሚለውም «እማማ» ሆነ፤ መንገድ ላይ ያገኘቻትን አሮጊት እንደምትጠራት። ካርዶቹን በላስቲክ አስራ አልጋዋ ሥር አስገባቻቸው። ከላይብረሪ ያመጣችውን መጽሐፍም መለሰች። ሶፋው ላይ የሚስቅ ሰው ጠፋ።

አንድ ቀን ሐበሻ ሱቅ በር ላይ አወረደችኝና «እማማ፣ ፓርክ እስካደርግ እዚህ ጥላው ውስጥ ይጠብቁኝ» አለችኝ። ሁለት ሴቶች ሰሙ።

«ታድለው!» አለች አንደኛዋ። «የእኔዎቹ ‹ሄይ› ነው የሚሉኝ። እዚህ ተወልዳ አያቷን እንዲህ የምታከብር ልጅ ከየት ትገኛለች?»

«አዎ፣ ታድያለሁ» አልኩ።

ቤት ስንገባ «ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት። «ምንም አይደል፣ አይጨነቁ» አለችኝ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ትዕግሥት ነገሩ ከቆየ በኋላ ነው ያስተዋለችው። «ልጄን ምን አድርገሻት ነው? ባንክ ቤት እንዳለ ሰው ነው እኮ የምታናግርሽ» አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ቦርሳዬን ሳይቀር ነገርኳት።

«እማዬ፣ እኔ ትንሽ ልጅ ሆኜ ወረፋ የቀደመ ሰው ባየሽ ቁጥር ስትጮሂ በሐፍረት እሞት ነበር» አለች። «ላንዲት ቀን ደግሞ ዝም አልሽ። ምነው ቀኑን እንዲህ መረጥሽው?»

በማግስቱ መምህር አስናቀ ዘንድ ደወልኩ። ስህተቱ የእኔ መሆኑን፣ ልጅቷ ሌላ ሐሳብ እንደነበራት ነገርኳቸው።

«ውይ እማማ በላይነሽ፣ እሱን እስካሁን ይዘውታል?» አሉኝ። «እንግዳችን ለቀልድ ነው እኮ የተናገሩት። ማንም አያስታውሰውም።»

«እሷ ታስታውሰዋለች» አልኩ። «ሰው ፊት ተባለ፣ ሰው ፊት ይስተካከል።»

«ቦታው እኮ ተይዟል፣ እማማ።»

«ቦታውን አልጠየቅሁም። ያቺኛዋም ልጅ በደል የለባትም፣ ከእሷ ላይ አልነጥቅም። የጠየቅሁት ማይክ ነው።»

እምቢ ቢሉኝም ሦስት ጊዜ ደወልኩ። በመጨረሻ የወላጆች ስብሰባ ላይ አምስት ደቂቃ ሰጡኝ።

ሜላት አደረሰችኝ። እንድትገባ ለመንኳት። «መኪና ውስጥ እጠብቅዎታለሁ» አለችና ኤሲውን እንዳበራች ቀረች። ብቻዬን ገባሁ። ያ የሳቀው ሰው ግማሽ ያህሉ ነበር። የክብር እንግዳው ግን አልመጡም።

ማይኩን ያዝኩ። «በላይነሽ እባላለሁ፤ የተማርኩት ስድስተኛ ክፍል ድረስ ነው» ብዬ ጀመርኩ፤ የፈራሁትን አስቀድሜ ልገላገለው ብዬ። ከዚያ ሁሉንም ተናገርኩ። ስለ አባባ ወልዴ ተናገርኩ። የሜላት ሐሳብ ምን እንደነበረ፣ ኦሊቨር በመጀመሪያ «አንተ»፣ ሲጨንቀው «እርስዎ» እንዲል አስባ እንደነበረ፣ እኔ እንደከለከልኳት ተናገርኩ። «ሳቃችሁ የእኔ ነው» አልኳቸው። «የወሰደችው ግን እሷ ናት።»

ማንም አልሳቀም። ማንም አላጨበጨበም። ከኋላ አንድ አባት ብቻ «ይሄማ ምን ዓይነት ጎበዝ ልጅ ናት!» ሲል ሰማሁ። መምህር አስናቀ አመሰገኑኝና ወደ አዳራሹ ኪራይ ጉዳይ አለፉ።

ስወጣ ሜላት መኪና ውስጥ አልነበረችም። አዳራሹ በር አጠገብ፣ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ምን ያህሉን እንደሰማች አላወቅሁም። በሩን ከፈተችልኝ። «ቀበቶዎን ይሰሩ» አለችኝ። ነዳች።

ተስፋ ቆረጥኩ ማለት ይቻላል። ግን አንድ የቀረኝ ነገር ነበር። ደብተሩን ካስቀመጠችበት አወጣሁ። እርሳስ ቀረጽኩ። እሷ ትምህርት ቤት በዋለች ቁጥር ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጬ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ፣ ኦሊቨር ባርሎን «እርስዎ» ያለበትን ሁሉ አጠፋሁ። «አንተ» ብዬ ጻፍኩ። በየመስመሩ አባባ ወልዴን የምሰድባቸው እየመሰለኝ እጄ እምቢ ይል ነበር። የአጎትየው ባርኔጣ የበረረበት ቦታ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን «እርስዎ» አልነካሁትም።

ሳምንት ፈጀብኝ። ስጨርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ያ ሰው ፊት ሁሉ «አንተ፣ ና»፣ «አንተ፣ ሂድ» ሲል የኖረ ጌታ፣ ክር የተንጠለጠለበት ዛፍ ሥር ቆሞ «አቶ ባርሎ፣ እርስዎ» ሲል ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ቆመ። ምን እንደከለከልኩ ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ ለሽማግሌው አንቱታውን እንዲያው ሰጥቼው ነበር። እሷ ግን ጌታውን አስለምና ልታሰጠው ነበር የፈለገችው። ለአባባ ወልዴ የሚገባቸው የእሷ ነበር።

ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ትቼው ዞር አልኩ። ሜላት ስትመጣ አየችው። ቦርሳዋን ሳታወርድ፣ ቆማ፣ ማንበብ ጀመረች። የእኔን ጠማማ ጽሑፍ በጣቷ እየተከተለች ነበር። መጨረሻው አካባቢ አፏን በእጇ ያዘች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እያለቀሰች መስሎኝ ደነገጥኩ፤ እየሳቀች ነበር።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ ብዙ ወር አልፏል። ካርዶቹ አሁንም አልጋዋ ሥር ናቸው። የክብር እንግዳው ይህን ነገር ሰምተው እንደሆነ አላውቅም። በዚህ አገር ከብዙ ሰው ጋር ተጣልቼ ብዙ ነገር አስተካክያለሁ እል ነበር፤ አሁን ያን ስቆጥር ሁልጊዜ ይቺ ቀን ከፊቴ ትቆማለች። ከዚያ ወዲህ ሰው መካከል ማንም ሲሳቅበት ካየሁ፣ ቀድሜ የማደርገው ቦርሳዬን መዝጋት ነው።

ያን ቀን ግን ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩና የከረመብኝን ጥያቄ ጠየቅኳት።

«አዳራሹ ሲስቅብሽ ለምን ‹አያቴ ናት ያለችኝ› አላልሽም? እዚያው ነበርኩ። በጣትሽ ብታሳዪኝ ይበቃ ነበር።»

ደብተሩን ዘጋችው። እጇን ላዩ ላይ አስቀመጠች። ቀና ብላም አየችኝ።

«አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ እየጠበቅኩሽ ነበራ፣ እማማዬ።»